ዕጣው ያወጣላት ወገን

ስለ ሣህሊቱ ገዳሪፍ ውስጥ ያልተወራ ነገር የለም። ያወሩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ እዚያው የነበሩ ናቸው። በዓይናቸው ያዩትን ትተው በአፋቸው ሌላ አወሩ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ያልነበረ ሰው ቢሳሳት አይገርመኝም። እኛ ግን ነበርን። ከኒም ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠን፣ በገዛ ጆሯችን ሰምተን ነው የፈረድንባት። እንግዲህ ያየሁትንና ከባለቤቶቹ አፍ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

የጭልጋ ልጅ ናት። ጎንደር ከተማ ሄዳ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምራለች። በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሟን የደርግ ሰዎች ከቤት አውጥተው ገደሉት። አባቷ በዚያው ሰሞን ታሰሩ፤ እናቷ ከዚያ በፊት ሞተዋል። እሷ ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ ከሚወርዱ ሠራተኞች ጋር ተቀላቅላ በእግሯ መተማ ደረሰች። ከመተማ ወደ ሱዳን፣ ገላባት ተሻገረች፤ ከገላባት የማሽላ ጆንያ በጫነ ሎሪ ላይ ተቀምጣ ገዳሪፍ ገባች። ይህ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም የምነግራችሁ። ከመቶው ሰው ዘጠናው እንዲሁ ነው የመጣው። ግን ሌላው ሰው ገዳሪፍ ሲገባ ወይ የአክስቱን ልጅ፣ ወይ አብሮት የታሰረ ሰው ያገኛል። እሷ ዘመድ የሚባል አላገኘችም።

በ1973 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከማለዳ እስከ ቀትር እህል ገበያው ውስጥ፣ ጉርባል በሚሉት ትልቅ ወንፊት የነጋዴ ሰሊጥ ትነፋለች። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጠዋት የሱዳን ልጆች የሚማሩበትን ግቢ ከሰዓት በኋላ ለስደተኞች ፈቅደውልን ነበር፤ እሷ እዚያ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። ማደሪያዋ ዴም ሰፈር፣ በለጡ ከምትባል የአገሯ ሴት ጋር የተከራየችው አንዲት ክፍል ነው። በለጡ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ሁለት ልጆቿን ጭልጋ እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች ናት። ሣህሊቱ እታለም ትላታለች። አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ይበላሉ። ከዚያ ውጭ የሣህሊቱን ደጃፍ የሚረግጥ ሰው አልነበረም። ሰሊጥ ስትነፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አጠገቧ የሚሠሩት ሴቶች ጸሎት የምታደርስ ይመስላቸዋል። ጸሎት አልነበረም። ክርክር ትለማመድ ነበር።

ወደ ክርክሩ ከመሄዴ በፊት ስለ ቢጣቃው ልንገራችሁ። በዚያ ዓመት ከተማ ውስጥ መኖር የሚችለው ቢጣቃ የሚሉት መታወቂያ ያለው ስደተኛ ብቻ ነው ተባለ። የሌለው ወደ ሰፈራ ጣቢያ ይሄዳል። ጣቢያው ውስጥ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ቢጣቃውን ለማግኘት ሾዋክ ከተማ ያለው የስደተኞች ጽሕፈት ቤት በተቀጠረልህ ቀን ትቀርባለህ፤ የራሳቸው ቢጣቃ ያላቸው ሁለት የወረዳህ ሰዎች አብረውህ ቀርበው «እናውቀዋለን» ይላሉ። ሁለት ሰው። አንድ አይበቃም። የሣህሊቱ ቀጠሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነበር። ምስክሮቿ አንደኛዋ በለጡ፣ ሁለተኛው አባቷን የሚያውቁት አያ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ሁለቱም እሺ ብለው ነበር።

አያ ገብረ ሥላሴን ገዳሪፍ ያለ የጎንደር ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዳኛ ፊት ነው ይባላል። በላ ልበልሃ በሚባልበት ዘመን ካባቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመው ሲናገሩ ተከሳሹም ከሳሹም አብሮ ይሰማ ነበር አሉ። ገዳሪፍም ቢሆን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የቤት ኪራይ ሲያነታርክ፣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ነገር ያውቃሉ። ነገር አላወቁም ብዬ አላማቸውም።

ክርክሩን ያመጣው መምህር ደመቀ ነው። ጎንደር ሲያስተምር የክርክር ክበብ ኃላፊ ነበር፤ ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። በአንድ ወገን ሦስት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጊዜ ይደወላል፣ አምስተኛው ላይ ሁለት ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ ከተደወለ በኋላ የሚነገር ቃል አይቆጠርም፣ ነጥብም ያስቀንሳል። ከወረቀት ማንበብ ክልክል ነው። መሳደብ ክልክል ነው። የማንንም ድርጅት ስም ማንሣት ክልክል ነው፤ ይህቺ ደንብ ባትኖር ገዳሪፍ ላይ የሚጀመር ክርክር ሁሉ በዱላ ባለቀ ነበር። ርእሱ ለዓመቱ አንድ ሆኖ ማን በየትኛው ወገን እንደሚቆም ግን በየዙሩ ዕጣ ይወስነዋል። ተማሪው ይህን ቢያምን ያን ቢያምን ደመቀ አይጠይቅም። ዕጣው ያወጣልህን ወገን ይዘህ ትቆማለህ፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ የትናንቱን የራስህን ነገር አፍርሰህ ልትናገር ትችላለህ። የማትወደውን ሐሳብ ከራሱ ባለቤት የተሻለ አድርጎ መናገር የቻለ ሰው ሁለተኛ በቀላሉ አይታለልም፣ ይል ነበር።

የዓመቱ ርእስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ደመቀንም እዚህ ላይ አልምረውም። ደርግ ምሕረት አድርጌያለሁ፣ ተመለሱ እያለ በራዲዮ የሚጣራበት ዓመት ነው። ሻይ ቤቱም፣ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍም ወሬው ይኸው ነው። ደመቀም «ስደተኛ አሁን ወደ አገሩ ይመለስ ወይስ አይመለስ?» ብሎ ርእስ አደረገው። ሰው ጮክ ብሎ ማሰብ አለበት አለ። እሳት ላይ ቤንዚን ይዞ መቆሙ አልታየውም።

የመጀመሪያው ዙር በሚያዝያ፣ ዓርብ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በሕዝብ ፊት ነበር። ዕጣውን ተማሪዎቹ ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ አውጥተዋል። ሣህሊቱ ለቡድኗ የደረሳት «ይመለስ» የሚለው ነው። ሰዓት ያዡ ሙሐመድኑር ነው፤ ባለሱቅ ነው፤ የሱቁን የጠረጴዛ ሰዓት ይዞ መጥቶ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የሎሪ ቸርኬ በብረት ይመታል። ደንቡን ለሕዝቡ አንብቦ ክርክሩን መክፈትም የሱ ሥራ ነበር። ሊያነብ ሲነሣ በደቡብ በኩል ቀይ አቧራ ብድግ አለ። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሳይደርስብን እንጨርስ ብሎ ደመቀ በእጁ ምልክት ሰጠው። ሙሐመድኑር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቸርኬውን መታ። ወገኑ በዕጣ እንደሚያዝ ለዚያ ሁሉ ሰው አንድም ሰው ሳይናገር ቀረ።

ሣህሊቱ ሦስተኛ ሆና ቆመች። ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ግን ወፍራም ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው እያንሾካሾከ ነበር። ስለ እርሻ ተናገረች፣ ጾም ስላደረ መሬት። ስለ ሽማግሌ ወላጅ ተናገረች። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሙሐመድኑር አንድ ጊዜ ሲመታ እንዲህ አለች፦

«እዚህ ስንሞት የሚቀብረን ሰው ስማችንን አያውቅም። በቁጥር ነው የሚያወጣን። እዚያ ግን የሚገድለኝም ቢሆን ስሜን ያውቀዋል፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም ያውቃል። እኔን የማያውቀኝ ሰው ከሚያኖረኝ የሚያውቀኝ ሰው ቢገድለኝ ይሻለኛል።»

ሰው አለቀሰ። ወንዶቹም ጭምር። አጠገቤ የነበሩ አንድ የሰቲት ሰው ጥምጥማቸውን ፈተው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ደወሉ ሁለት ጊዜ ሲመታ ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ እንደነቃ እርስ በርሱ ተያየ። ለፍርድ የተቀመጡት አምስት ዳኞች ነጥብ ቆጥረው ለሷ ቡድን ፈረዱ። ያጨበጨበ ግን አልነበረም። ሀቡቡ ደረሰና ሁሉም ነጠላውን ተከናንቦ ተበተነ።

እኔ በዚያ ቀን ያየሁትን አልረሳም፤ ለዚህም ነው በገዳሪፍ ሰው የምቆጣው። እሷ ዋሽታ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው አያለቅስም ነበር። ሁሉም በየመኝታው የሚያስበውን፣ ለሚስቱም የማይናገረውን ነው አውጥታ የተናገረችባቸው። ያስለቀሰቻቸው በሰው ፊት ነው። ለዚህ ይቅር የሚላት አልተገኘም።

በማግሥቱ ወደ አያ ገብረ ሥላሴ ቤት ሄደች፤ ስለ ሾዋኩ ቀጠሮ ለማስታወስ ነው። ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ተቀመጪ አላሏትም።

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት የተናገርሽው የልብሽ ነው?» አሏት።

«አይደለም አያ። ዕጣው ነው ያወጣልኝ።»

«የልብሽ ካልሆነ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የውድድር ደንብ ነው።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት በዳኛ ፊት ቆሜያለሁ። ሰው የሚቆመው ለራሱ ነገር ነው። የሌላ ሰው ነገር ይዞ የሚቆም ነገረ ፈጅ ይባላል፤ ነገረ ፈጅ ደግሞ በነጻ ሲቆም አላየሁም። ማን ከፈለሽ?»

ምን ትመልስ? እስቲ እናንተ መልሱላት። የልቤ ነው ብትል የደርግ ወገን ናት። የልቤ አይደለም ብትል የደርግ ቅጥረኛ ናት። አያ ገብረ ሥላሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያውቁት የሙግት ሥርዓት ሦስተኛ በር የለውም። ያደጉበት ዳኝነት ላይ ቃል ከባለቤቱ አይለይም፤ ቆሞ የተናገረ ሰው የተናገረው ይታሰርበታል። ወንድሜን ከገደሉት ሰዎች ዘንድ መመለስ የምፈልግ ይመስልዎታል ወይ አለቻቸው። እሳቸውም ይህንኑ ነው እኔም የምጠይቅሽ አሏት። ለሾዋኩም ሌላ ሰው ፈልጊ ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በለጡም ራቀቻት። መጀመሪያ ድስቷን ለየች። ቀጥሎ አልጋዋን ወደ ሌላው ግድግዳ ወሰደች። በሳምንቱ ሣህሊቱ ራሷ ስትጠይቃት እንዲህ አለች፦

«እኔ አንቺን አልጠላሁሽም፣ እህቴ። ልጆቼ እዚያ ናቸው። ስሜ ከስምሽ ጋር አብሮ ቢጻፍ ያንን ወረቀት ማን እንደሚያየው አላውቅም።»

ሣህሊቱ «ምንም የተጻፈብኝ ነገር እኮ የለም፣ እታለም» ብትላት፣ «አሁን የለም» አለች በለጡ።

ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ወንፊታቸውን ይዘው ሁለት ሦስት ክንድ ራቅ ብለው ይቀመጡ ጀመር። ሻይ ቤት በኩል ስታልፍ አንዱ ቀልደኛ «ራዲዮኗ መጣች፣ ዝም በሉ ዜና እንስማ» ይላል፤ ሌላው ይስቃል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ የተቃራኒው ቡድን አለቃ ካሣ አለ። ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም፣ ምላሱ ስለታም ጎረምሳ ነው። በደረቱ ይገፋታል እንጂ አይሸሻትም። «በሚቀጥለው ዙር ማንን ልትወክዪ ነው፣ ጓድ?» ይላታል። እሷም «ዕጣው የሚሰጠኝን» ትለዋለች። በዚያ ወር ከሰው ጋር የተናገረችው ነገር ይኸው ይመስለኛል። ካሣ ቢያንስ ያናግራት ነበር።

በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጥላ ፈልጎ ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ እሷ መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስር ስትመስል አይቻለሁ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው። ወዴት እንደምትሄድ ስላላወቀች ነው የምታስረው። አየኋትና በሌላ መንገድ ሄድኩ። እኔ የደንቢያ ሰው ነኝ፤ ምስክር ልሆናት አልችልም ነበር፤ ሰላም ልላት ግን ቢጣቃ አያስፈልገኝም ነበር።

ደመቀ ነገሩ ሲገባው ዘገየ። ለአያ ገብረ ሥላሴ ሊያስረዳ ሄዶ ነበር። አዳምጠውት ሲያበቁ፣ እንግዲህ አንተ ነህ ነገረ ፈጅ የምታሠለጥነው ብለው ሸኙት። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከቀጠሮው በፊት ባለው ዓርብ የፍጻሜው ዙር አለ፤ የሣህሊቱ ቡድን እንደገና ከካሣ ቡድን ጋር። ደመቀ ያኔ ያደረገውን ኋላ ራሱ ነግሮኛል። ይህቺ ልጅ በፍጻሜው «አይመለስ» የሚለው ከወጣላት፣ ተናግራም እንደዚያኛው ቀን ሰው ካስለቀሰች፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይቀበላታል ብሎ አሰበ። ንስሐ ገባች ይላሉ። ሽማግሌውም በለጡም ሾዋክ ይሄዱላታል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ እንደዚያው ይሆን ነበር። ስለዚህ በሁለቱም የዕጣ ወረቀቶች ላይ «አይመለስ» ብሎ ጻፈ።

ዓርብ ዕለት ግቢው ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህ ጊዜ ሙሐመድኑር ደንቡን ከአንድ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ዕጣውም እዚያው ይወጣል ተባለ። ሰሚው ወደ ሰማይ ያያል። ማንም አላመነም፤ አሁን የተፈጠረ ደንብ ነው የመሰላቸው። ደመቀ ባርኔጣውን ይዞ መጣ። ባለፈው ዙር ያሸነፈ ቀድሞ ያነሣል የሚል ደንብ አለ፤ ሣህሊቱ እጇን ከተተች። ወረቀቱን ፈታ አነበበችው።

«አይመለስ።»

የቀረው እልልታ ብቻ ነበር። ሰው ተነፈሰ። በለጡ ከሴቶቹ መሀል ሆና ፈገግ አለች፤ ከወር በኋላ መጀመሪያዋ ነው። አያ ገብረ ሥላሴ ከፊት ተቀምጠው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሣህሊቱ ይህን ሁሉ አየች። ቢጣቃዋ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍሏ፣ አብሯት የሚበላ ሰው፣ ሁሉም በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ መናገር ብቻ ነው የቀራት። እሱንም ከማንም በላይ ታውቅበታለች።

ደመቀ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሊቀመጥ ዞረ።

«መምህር፣ ሁለተኛው ወረቀት አልተነበበም» አለች።

«ግዴለም፣ የቀረው ይታወቃል።»

«ደንቡ ሁለቱም ይነበባል ይላል።»

ደመቀ በዐይኑ ለመናት። እንዲህ ዐይን ለዐይን ሲነጋገሩ ካሣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ባርኔጣው ውስጥ እጁን ሰደደና ወረቀቱን አወጣ። አነበበ። ለሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየ። «አይመለስ» ይላል።

ግቢው ተናወጠ። ይኸው ቁማራቸው የሚል አለ፣ መምህሩም አብሮ ነው የሚል አለ፣ አጥር ላይ ያሉት ያፏጫሉ። ሙሐመድኑር ቸርኬውን ደጋግሞ መታ። ሣህሊቱ እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች።

«ባለፈው ጊዜ ያወጣሁት ዕጣ እውነተኛ ነበር» አለች። «ዛሬ በሐሰተኛ ዕጣ ከተናገርኩ ያም ሐሰት ነበር ትላላችሁ፤ ልክም ትሆናላችሁ። ሌላ መከላከያ የለኝም። እንደገና ይውጣ። እኔ አልነካውም። አያ ገብረ ሥላሴ ያውጡልኝ።»

ሽማግሌው እኔን በነገራችሁ አታግቡኝ አሉ። ካሣ ግን በዚያ ምላሱ፣ ነገር የሚሸሹ ሰው አልመሰሉኝም ነበር አባቴ፣ አላቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ተነሡ። ካሣ በሁሉም ፊት ሁለት አዲስ ወረቀት ጻፈ፣ አንዱን ይመለስ ሌላውን አይመለስ ብሎ፤ ጽሑፉን ዳኞቹ አዩት፤ ታጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ገባ። አያ ገብረ ሥላሴ እጃቸውን ከተው አማሰሉ። አንዱን ይዘው ለቀቁት። ሌላውን አወጡ። ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፣ ማንበብ ያውቃሉ። አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። እንደገና አነበቡት።

«ይመለስ» አሉ በቀስታ።

ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለተኛውንም አውጥተው አነበቡት። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች እጃቸው ላይ ይዘው ቆሙ፤ የሚቀመጡበት የጠፋባቸው መሰሉ።

ክርክሩ ተካሄደ። ሣህሊቱ እንደገና ሦስተኛ ሆና ቆመች፣ እንደገና በዚያው ወገን። እንደ መጀመሪያው ሰው አላስለቀሰችም። ቀዝቀዝ ብላ፣ ነጥብ በነጥብ እያፈረሰች ተናገረች፤ ካሣን እንኳ ሁለት ቦታ ላይ ላብ አስጠመቀችው። አንደኛው ደወል ተመታ። ከዚያ ሕዝቡን ትታ ፊት ለፊት ወዳሉት ሽማግሌ ዞረች።

«ይህ ሁሉ ዕጣው የሰጠኝ ቃል ነው» አለች። «እኔ በበኩሌ ግን...»

ሙሐመድኑር ሁለት ጊዜ መታ። ሰዓቱ ሰዓት ነው፣ ምን ያድርግ። ሣህሊቱ አፏን ገጥማ ተቀመጠች። ከደወል በኋላ የሚነገር ቃል አይቆጠርም።

ዳኞቹ በሁለት ነጥብ ለካሣ ቡድን ፈረዱ። በዚያ ቀን ጭብጨባው ገበያ ድረስ ተሰማ። ካሣ መጥቶ እጇን ጨበጣት፤ የሚያሾፍ አልመሰለኝም። ግቢው ባዶ እስኪሆን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። በበኩልሽ ምን ልትይ ነበር ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳትም። እዚያው ስወጣ ስገባ ነበርኩ፤ አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ ማለዳ ወደ ሾዋክ የሚሄደው አውቶቡስ ዘንድ ብቻዋን መጣች። በለጡ ሌሊቱን ሆዴን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አያ ገብረ ሥላሴ ጋቢያቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ሰላም አላሏትም። ከኋላ ወንበር ሄደው ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ፣ ያንን ሁሉ ሜዳ፣ እሷ ከፊት እሳቸው ከኋላ ሆነው ሄዱ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነበር። በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። የጭልጋ ልጅ ናት፣ አባቷን አውቃለሁ፣ ስማቸውም ይህ ነው፣ ቤታቸውም እዚህ ቦታ ነው፣ አሉ ሽማግሌው። አጥርተው፣ ያለ ጌጥ። ጸሐፊው ጻፈ። ሁለተኛው ምስክርስ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛ የለም። ሣህሊቱ ቀጠሮ እንዲያራዝምላት ለመነችው። መዝገቡ በዚያ ሳምንት ይዘጋ ነበር፤ ሰውዬውም ከልቡ እያዘነ፣ በዐረብኛ ይቅርታ ለማለት ማለሽ፣ ማለሽ፣ እያለ የሰፈራ ጣቢያውን ወረቀት ጻፈላት።

ደጅ ሲወጡ ሽማግሌው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሯት።

«የተናገርሽውን አልወደድኩትም» አሏት። «አሁንም አልወደውም። ዕጣውን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ።»

እሷም እግዜር ይስጥልኝ አያ አለች። ተመልሰውም ሲመጡ እሳቸው ከኋላ፣ እሷ ከፊት ነበሩ።

ቅዳሜ ዕለት ጓዟን ስትጠቀልል በለጡ ፍራሹን አብራ እያሰረች አለቀሰች። በደብተሮችሽ ፋንታ ማሽላ ብትወስጂ ይሻልሻል ብላ ማሽላ ሰጠቻት። ሣህሊቱ ሁለቱንም ወሰደች። በገዳሪፍ ከተማ በዚያን ጊዜ ቢጣቃ ያለው የጭልጋ ሰው ቢቆጠር ከመቶ በላይ ነው። ከመቶ በላይ። የሚፈለገው አንድ ነበር።

ደመቀ በሚቀጥለው ዓመት ክበቡን ለሌላ ሰው አስረከበ። አዲሱ ሰው ጥበበኛ ነው፤ ዕጣውን አስቀረው። ሁሉም የሚያምንበትን ወገን ይያዝ፣ ሰው በማያምንበት አይናገር አለ። ሕዝቡም ይኸ ነው ደንብ ብሎ አመሰገነው። ርእሱ ያው የመመለስ ነገር ነው። ዓርቡ ደረሰና ስድስት ተናጋሪዎች ወጡ፤ ስድስቱም አንድ ወገን ይዘዋል። ስድስቱም አይመለስ አሉ። በመጀመሪያ የተናገረውን ሁለተኛው ደገመው፣ የሁለተኛውን ሦስተኛው። ሰው ለስድስቱም አጨበጨበ፣ ሽልማቱንም ለስድስቱም አካፈሉት። ያለቀሰ ሰው አልነበረም። የተጣላም አልነበረም። ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን፤ ክርክር ተከራከርን ብለን።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻታለሁ። በሎሪ ጆንያ ጭኜ እሷ ያለችበት ሰፈራ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ነበር። የነበረችበት ሰፈር ሰው ሁሉ ትግርኛ ተናጋሪ ነው፤ የጭልጋ ቀርቶ የጎንደር ሰው የለበትም። ትግርኛውን ለምዳዋለች። መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ ትጽፋለች፤ እኔ ስደርስ አንዲት እናት አጠገቧ ተቀምጠው ለልጃቸው የሚላከውን ያስጽፏት ነበር። ቆሜ ጠበቅኳት። ስትጨርስ የጣሳ ውሃ ሰጠችኝና ስለ ከተማው ጠየቀችኝ፤ ስለ በለጡ፣ ስለ ሽማግሌው ጤና። ክርክሩ አሁንም አለ ወይ አለችኝ። እኔም የዚያን ዓርብ ነገር፣ ስድስቱም አንድ ወገን ይዘው እንዴት እንደተሸለሙ አጫወትኳት።

ሳትስቅ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «የሚከራከር ከሌለ ሙሐመድኑር ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ?» አለች።

ደወሉን መታ እንጂ ምን ይሠራል አልኳት።

«በየስንት ደቂቃው?» አለች። በየአምስት ደቂቃው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እኚያ እናት አንድ ስም ሳላስጽፍሽ ረሳሁ ብለው ተመልሰው መጡ፤ እሷም ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስሙ ማን ነው ብላ ጠየቀቻቸው።